ጎመኑን አስነቅሎ የገባው ዝይ

በአራዳው ጊዮርጊስ እምላለሁ፣ ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ለማጋነን የሚመቹ ቦታዎች ሞልተውት ነበር፤ እያየኋቸው አለፍኳቸው። የሚጠራጠር ሰው ካለ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ላይ ሲወጣ በስተግራ ያለውን አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያንኳኳ። ውሻው ከፈቀደለት ግቢውን በዓይኑ አይቶ ይመለሳል፤ ካልፈቀደለትም ቢያንስ ውሻው እውነት መሆኑን ያረጋግጣል።

የግቢው ጌታ ተስፋሁን ወርቅአፈራሁ ይባላል። ልብስ ሰፊ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፒያሳን ሙሽራ ሁሉ ሱፍ ሲያለብስ ኖሮ ራሱ ሳያገባ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞላው። ሱቁ መንገድ ሆኗል። መንገዱ በጣም ያምራል፤ ተስፋሁንም ሰው ሲጠይቀው «በጣም ያምራል» ነው የሚለው። የመቁረጫ ጠረጴዛው በነበረበት ቦታ ላይ አሁን ቀለም የሚቀያይር አምፖል የተጠመጠመበት ዘንባባ ቆሟል። ዘንባባው ሱሪ ማሳጠር ባይችልም አላፊ አግዳሚው ፎቶ ይነሣበታል። ተስፋሁን ሲንጀር የስፌት መኪናውን በጋሪ አስጭኖ ወደ ቤቱ ወሰደና በረንዳው ላይ አስቀምጦ ሥራውን ቀጠለ። በዚህ ዓለም ላይ የኔ የሚለው ነገር ያ ሲንጀርና ያ ቤት ብቻ ነበር።

ቤቱን አባቱ አቶ ወርቅአፈራሁ ናቸው በ1948 ዓ.ም. ያሠሩት። ባለ እንጨት በረንዳ ቪላ ነው። ወለሉ ሲረገጥ እንደ በሽተኛ ያቃስታል፤ ጣሪያው ደግሞ ዝናብ የሚመጣበትን ቀን ከሬዲዮው ቀድሞ ያውቃል። ተስፋሁን እዚህ ተወለደ፣ እዚሁ አረጀ። ታላቅ እህቱ እትዬ ሙሉእመቤትም ባሏ ሲሞት ሻንጣዋን ይዛ ወደዚሁ ተመለሰች፤ በማግስቱም ግቢውን ቆፍራ ጎመን ዘራች።

አንድ ጠዋት ደብዳቤ መጣ። «የነባር ቤቶችና ግቢዎች አጣሪ ኮሚቴ» የሚል ክብ ማኅተም ነበረው። ተስፋሁን ሦስቴ አነበበው፤ አንዴ ለራሱ፣ አንዴ ለእህቱ፣ አንዴ ደግሞ ጮክ ብሎ ለሁለቱም። ነገሩ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ሰፈሩ ሊታደስ ነው። ዝርዝር ውስጥ የገቡ ነባር ቤቶች ባሉበት ይቆያሉ። ያልገቡት አይቆዩም። ለመግባት ግን ቤቱ ማርጀቱ ብቻውን አይበቃም፤ ግቢውም «የግንባታውን ዘመን የሚመጥን የአትክልት ይዘት» ሊኖረው ይገባል። ጊዜው እስከ ሰኔ ሠላሳ ነው።

«የአትክልት ይዘት ማለት ምንድን ነው?» አለች እትዬ ሙሉ።

«አትክልት ማለት ነው።»

«አትክልትማ አለን። ጎመን አትክልት አይደለም እንዴ?»

ተስፋሁን ደብዳቤውን ለአራተኛ ጊዜ ማንበብ ጀመረ።

በሳምንቱ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ከበደ ናቸው፤ ከበድ ያሉ ሰው፣ የኮታቸው ግራ ትከሻ ከቀኙ ከፍ ያለ። ተስፋሁን የሰው ጠባይ የሚያጠናው በትከሻ ስፌት ነውና ገና በር ላይ ሲያያቸው አልወደዳቸውም። ሁለተኛዋ ሚስጥር የምትባል ወጣት የግቢ ባለሙያ ናት፤ ረጋ ያለች፣ የምታየውን ሁሉ ታብሌቷ ላይ የምትጽፍ።

አቶ ከበደ ግቢው መሐል ቆመው በጫማቸው ጫፍ መሬቱን ጠቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጎመን ነው ጌታዬ።»

«ጎመን መሆኑንማ አያለሁ። የየትኛው ዘመን ጎመን ነው?»

ተስፋሁን አሰበ። «የዘንድሮ።»

«ይኸው!» አሉ አቶ ከበደ ወደ ሚስጥር ዞር ብለው፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው።

እትዬ ሙሉ ነጠላዋን አስተካክላ ቀረበች። «እኔ ልንገርዎት ጌታዬ። እኔ የተወለድኩት ይሄ ቤት በተሠራ ዓመት ነው። ነፍስ ሳውቅ ያየሁት ይህንኑ ነው። አጥሩ ሥር ጌሾ፣ እዚህ ጎመን፣ እዚያ ጥግ ግራዋ። እናታችን ጋን የምታጥበው በዚያ ግራዋ ነበር። ደረጃው አጠገብ ጤና አዳም። ዘመን ከሆነ የምትፈልጉት፣ ዘመኑ ይኸውላችሁ፣ ሳይነካ ቆሞላችኋል።»

«የቃል ነው» አሉ አቶ ከበደ።

«የምን ቃል?»

«የቃል ማስረጃ። አይያዝም።»

«የኖርኩበት እኮ እኔ ነኝ!»

«ለዚህ ነዋ የማይያዘው። ባለጉዳይ ነዎት። ደግሞስ እመቤቴ፣ ይሄን የመሰለ ቪላ ያሠራ ሰው ጎመን ተክሎ ይኖር ነበር ቢባል ማን ያምናል? ታሪካችንን እናክብር እንጂ።»

ሚስጥር ወደ ተስፋሁን ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ የዘመኑ ፎቶ ካለዎት ይበቃል። አንድ ፎቶ፣ ግቢውን የሚያሳይ። ከዚያ እኔ እንደ ነበረው አድርጌ ፕላኑን አወጣልዎታለሁ። ፎቶ ከሌለ ግን...» አልጨረሰችውም። አቶ ከበደ ጨረሱላት፦ «ከሌለ የለም።»

ወንድምና እህት ሦስት ቀን ሙሉ ሣጥን ከሣጥን ሲበረብሩ ሰነበቱ። በመጨረሻ ከእናታቸው የሰርግ ሣጥን ሥር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ፎቶ ወጣ። ጀርባው ላይ «ታኅሣሥ 1955» ይላል። አቶ ወርቅአፈራሁ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክንዳቸውን አንድ ነጭ ዓምድ ላይ አስደግፈው፣ መንግሥት እንደሾመው ሰው አንገታቸውን ቀና አድርገው ቆመዋል። ከኋላቸው ፏፏቴ አለ። ከፏፏቴው ግራና ቀኝ ቀጥ ያሉ የፈረንጅ ጥዶች። ፏፏቴው ሥር አንገተ ረጅም ነጭ ወፍ። ከሁሉም ኋላ ጫፉ የነጣ ተራራ።

እትዬ ሙሉ መነጽሯን አውልቃ ወለወለችና እንደገና አየች።

«ይሄ የማን ግቢ ነው?»

«የኛ ነዋ። አባባ አይደሉም እንዴ?»

«እሳቸውስ እሳቸው ናቸው። ይሄ ዝይ ማን ነው?»

«እኔ በ55 አልተወለድኩም እትዬ።»

«እኔ ግን ሰባት ዓመቴ ነበር። ይሄን የሚያህል ዝይ ደጃችን ላይ ቢንጎራደድ አላየውም?»

«ታመሽ ተኝተሽ ይሆናላ።»

ሚስጥር ፎቶውን ስታይ ግን እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንዲህ ያለ ነገር በሥራ ዘመኗ ገጥሟት አያውቅም፤ የሥራ ዘመኗ ሁለት ዓመት ነው። ስድስት ኪሎ ወስዳ የበር መጋረጃ አሳክላ አሳተመችውና በረንዳው ላይ ዘርግታ ታብራራላቸው ጀመር። ጥዶቹ በዘመኑ የባለ ሥልጣን ግቢ ምልክት ናቸው። ወፉ ስዋን ይባላል። ተራራው እንጦጦ ነው።

«እንጦጦ ላይ በረዶ አለ እንዴ?» አለች እትዬ ሙሉ።

«በረዶ አይደለም እትዬ፣ ጭጋግ ነው። ፎቶው ሲያረጅ ጭጋግ ይነጣል።»

«የኛ በር እኮ የሚያየው ወደ መርካቶ ነው።»

«ያኔ አጥሩ በሌላ በኩል ሊሆን ይችላል» አለች ሚስጥር፤ ይህንንም ጻፈችው። ከዚያ ጣቷን ከአቶ ወርቅአፈራሁ ጫማ ሥር አሳረፈች፤ እዚያ ቦታ መሬቱ እንደ ማዕበል ትንሽ ታጥፎ ይታያል። «ይሄ ደግሞ እርከን ነው። በጣም የረቀቀ ሥራ ነው። ይህንንም እንሠራዋለን።»

ተስፋሁን በዚህ ጊዜ እርከኑን አያይም ነበር። እሱ የሚያየው ሰማዩን ነው። ከአባቱ ግራ ጆሮ በላይ፣ ሰማዩ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሯል። ሌላ መስመር ደግሞ ከላይ ወርዶ ልክ መሐሉ ላይ ያቋርጠዋል። ይህን የመሰለ መስመር ተስፋሁን በዘመኑ አሥር ሺህ ጊዜ አይቷል። አራት ቦታ ታጥፎ ሣጥን ውስጥ የከረመ፣ ካውያ ሳይነካው የተሰቀለ ጨርቅ ነው እንዲህ የሚሆነው። ሰማይ ደግሞ ታጥፎ አይቀመጥም። የእርከኑም ነገር ግልጽ ሆነለት፤ ጨርቁ ረዝሞ መሬት ላይ ተርፏል፣ ሌላ ምንም አይደለም። ልብስ ሰፊ ቢሆን ኖሮ የሰቀለው ሰው አራት ጣት ያህል ያሳጥረው ነበር።

አባቱ ፎቶ ቤት ሄደው የተሳለ መጋረጃ ፊት ቆመው ነው የተነሡት።

አፉን ከፈተ።

«በዚህ ፎቶማ ጋሼ» አለች ሚስጥር ፊቷ እንደ ልጅ በርቶ፣ «ይህን ቤት ከዝርዝሩ የሚያወጣው ሰው አይኖርም።»

አፉን ዘጋ።

በማግስቱ ነቀላው ተጀመረ። ሥራውን የያዘው ሃፍቶም የሚባል የመቐለ ልጅ ነው፤ ግንበኛ፣ በጥር ሊያገባ ቀን የቆረጠ። ውላቸው ቀላል ነበር፤ ሃፍቶም ግቢውን ይሠራል፣ ተስፋሁን የሙሽራና የሦስት ሚዜ ሱፍ ይሰፋል። እትዬ ሙሉ ጌሾው ሲነቀል አጥሩ ሥር ዱካ አስቀምጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች። ጎረቤት መጥቶ «ማን ሞተ?» ሲላት «ዘመን ያልመጠነው ዘመዴ» አለች። የዳኑትን ጎመኖች በተቀደደ በርሜል አድርጋ ማድ ቤት ጀርባ አስጠጋቻቸው። ሌሊት ሌሊት ከእነሱ ጋር ታወራለች ይባላል፤ ይህን ግን አላየሁምና አልጽፈውም።

ሃፍቶም ፏፏቴውን በአራት ቀን ጨረሰ። ወፉ ላይ ሲደርስ ግን መዶሻውን አስቀምጦ መጣ።

«ጋሼ ተስፋሁን፣ ይሄን ወፍ ልብ ብለው አይተውታል?»

«ምን ሆነ?»

«እግሩ ሦስት ነው።»

ተስፋሁን ፎቶው ላይ አጎነበሰ። እውነት ነው፤ ሁለቱ እግሮች ሆዱ ሥር፣ ሦስተኛው ከጭራው ዝቅ ብሎ፣ ቀጠን ብሎ ወርዷል። ሚስጥር ጋ ተደወለ። ሚስጥር «እንደ ፎቶው ይሠራ» አለች። «ከምንጩ አንድ ነገር ብንቀይር ኮሚቴው ሌላውንም ይጠራጠራል።»

«ይሁና» አለ ሃፍቶም። «እኛ ሀገር ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነው የማውቀው። የአዲስ አበባ ወፍ እንዲህ ከሆነ እኔ ምን አገባኝ?» ሦስተኛውን እግር ከብረት አወጣለት። ወፉ ሲያልቅ ከተማውን በሙሉ በንቀት የሚመለከት፣ በየትኛውም ንፋስ የማይወድቅ ፍጡር ሆነ። ውሻው ለሦስት ቀን ጮኸበት፤ በአራተኛው ቀን ለመደውና ጥላው ሥር መተኛት ጀመረ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ አቶ ገብረሕይወት ሱሪ ሊያስጠብቡ መጡ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ ስለሚሄዱ ሱሪያቸውም አብሮ እየተቀነሰ ይሄዳል። በወጣትነታቸው የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመኪና ታርጋ፣ የቡና ቤት ግድግዳ፣ ቀለም የሚነካውን ሁሉ ሲስሉ የኖሩ ሰው ናቸው። በሩን አልፈው ሦስት እርምጃ እንደተራመዱ ቆሙ። ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀች።

«ይሄ...» አሉ። «ይሄ እኮ የኔ ነው!»

ተስፋሁን መቀሱን አስቀምጦ ተነሣ። «ምኑ ነው የርስዎ ጋሽ ገብረሕይወት?»

«ሁሉም! ጥዱ፣ ዓምዱ፣ ተራራው! ኸረ ተራራው የት ሄደ?»

«ተራራ መሥራት አልቻልንም።»

«እኔ ነኝ የሳልኩት! በ54፣ ለፎቶ ቤቱ! አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ባለቤቱ 'የአውሮጳ ወፍ አድርግበት' አለኝ። እኔ የአውሮጳ ወፍ የት አባቴ አውቃለሁ? የቤታችንን ዶሮ ሳልኩና አንገቷን ጎትቼ አስረዘምኳት።» ወደ ወፉ እየተንገዳገዱ ሄደው ሦስተኛውን እግር ዳሰሱ። «ይሄ ደግሞ እግር አይደለም እኮ! ቀለም ጠብ ብሎብኝ ነው!»

«ይቀመጡ ጋሽ ገብረሕይወት። ድምፅዎን ይቀንሱልኝ።»

«የአራዳ ሰው ግማሹ ከዚያ መጋረጃ ፊት ነው የቆመው። ሙሽራው፣ ወታደሩ፣ የክርስትናው ልጅ። ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው 'ማን ሳለው' ብሎ አልጠየቀም። አሁን አንተ ጭራሽ በሲሚንቶ ሠራኸው!» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «የሚያውቅ ሰው አለ ለካ።»

ተስፋሁን ቁጭ አደረጋቸውና ነገሩን ከሥሩ ነገራቸው። የኮሚቴውን ነገር፣ የፎቶውን ነገር። «መጋረጃ መሆኑን ካወቁ ቤታችን ከዝርዝር ይወጣል። እኔና እትዬ ሌላ ቤት የለንም። እባክዎ።»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ስሜ የትም አይጻፍማ?»

«የትም።»

«አንድ ጥግ ላይ፣ በትንሹስ?»

«ጋሽ ገብረሕይወት!»

«እሺ፣ እሺ። ዝም አልኩ። እኔ ገብረሕይወት ዝም ካልኩ ዝም ነው።» ሱሪያቸውን ተቀብለው ወጡ። በር ላይ ግን ዞር ብለው ወፏን እንደገና አይዋት፤ ያ አስተያየት ተስፋሁንን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሳው።

ሰኔ ሠላሳ ኮሚቴው መጣ። አቶ ከበደ የፎቶውን ቅጂ ከፍ አድርገው ይዘው ግቢውን እያዩ ፎቶውን፣ ፎቶውን እያዩ ግቢውን አመሳከሩ። ጥዶቹ ገና የክንድ ቁመት ብቻ ቢሆኑም «ያድጋሉ» ብለው አለፏቸው። እርከኑን ረገጡት፤ ወደዱት። ከዚያ ተስፋሁንን ሱፍ አስለብሰው ዓምዱ አጠገብ አቆሙት።

«ክንድዎን ያስደግፉ። እንደሱ አይደለም፣ እንደ አባትዎ። አገጭ ቀና። ሚስጥር፣ ያንቺስ ዓይን ምን ይላል?»

«ጥሩ ነው።»

«አፍንጫቸው አልመጣም።»

«አፍንጫው በእናቱ ነው የወጣው» አለች እትዬ ሙሉ ከበረንዳው።

«እሺ፣ አፍንጫውን እንተወው።» አቶ ከበደ ብዕራቸውን አወጡ። ተስፋሁን ብዕሩ ወደ ወረቀቱ ሲወርድ አየ።

በሩ ተከፈተ።

አቶ ገብረሕይወት ከረቫት አሥረዋል። ፀጉራቸውን በውኃ አለስልሰዋል። ከኋላቸው ሁለት ወዛደሮች አንድ ግንድ የሚያህል የተጠቀለለ ጨርቅ ተሸክመው ይከተላሉ።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት ተስፋሁንን። «አልቻልኩም። ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ስሜ አንድ ቦታ ላይ ሳይጻፍ ብሞት ማን ነበር ይሉኛል?» ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ለራሳቸው ያስቀሩትን መጋረጃ እንዲሰቅሉ ወዛደሮቹን አዘዙ፤ ጨርቁ ከበረንዳው ድጋፍ ላይ ተሰቅሎ ተዘረጋ።

መጋረጃው ግቢውን፣ ግቢውም መጋረጃውን ቁጭ ነው። ፏፏቴው፣ ጥዱ፣ ዓምዱ፣ ወፏ። ሰማዩ ላይ የታጠፈበት መስመር ሳይነካ ይታያል። ሚስጥር መስመሩን አየች። ከዚያ መሬት ላይ የተረፈውን የጨርቁን እጥፋት አየች። ከዚያ ያስገነባችውን እርከን አየች። በመጨረሻ ተስፋሁንን አየችው፤ ፊቷ ደም መሰለ። ተስፋሁን አሁንም ክንዱን ዓምዱ ላይ እንዳስደገፈ ነበር፤ ማንሣቱን ረስቶታል። በረንዳውን አየ፣ ሲንጀሩን አየ፣ በሩ ላይ የቆመችውን እህቱን አየ። ሻንጣ ስንት እንዳላቸው ለማስታወስ ሞከረ።

አቶ ከበደ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ወደ መጋረጃው ተጠጉ።

«እርስዎ ነዎት የሳሉት?»

«እኔ ነኝ! ገብረሕይወት!»

«መቼ?»

«መስከረም 1954።»

«ከፎቶው በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት ነዋ! ፎቶው የተነሣው እኮ...»

«ቆይ፣ ቆይ።» አቶ ከበደ ጣታቸውን አነሡ። «ሚስጥር፣ ጻፊ። ፎቶው ከመነሣቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ አንድ የአራዳ ሠዓሊ ይህንኑ ግቢ በቀለም ሥሎት ተገኝቷል።»

«ግቢ አልሳልኩም ጌታዬ! ከጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት!»

«ካዩ በኋላ ነዋ ጭንቅላትዎ ውስጥ የገባው። የት ቆመው ሳሉት?»

«ፎቶ ቤቱ ጓሮ! ሽንት ቤቱ አጠገብ!»

አቶ ከበደ በርኅራኄ ትከሻቸውን ነካ አደረጓቸው። «ዕድሜ ነው አባቴ፣ ዕድሜ ነው። ለማንኛውም ይሄ የቃል ነው፤ የቃል አይያዝም። ሥዕሉ ግን ይያዛል።» ወደ ወፉ ዞሩ። «ተመልከቱ እስቲ። ሥዕሉ ላይ ሦስት እግር። ፎቶው ላይ ሦስት እግር። ግቢው ውስጥ ሦስት እግር። በአንዱ ስህተት ነው ይባላል። ሦስቱም ተስማምተው ይሳሳታሉ?»

«ቀለም ነው ጠብ ያለብኝ እኮ!» አሉ አቶ ገብረሕይወት፤ የሰማቸው የለም።

«ባለሙያ» አሉ አቶ ከበደ፣ «የመጨረሻው ቃል ያንቺ ነው።»

ሚስጥር መጋረጃውን ሳይሆን እትዬ ሙሉን ነበር የምታየው። እትዬ ሙሉ በሁለት እጇ የበሩን መቃን ይዛለች፤ ቤቱን ሊወስዱባት ቢመጡ መቃኑን ይዛ የምትቀር ይመስል ነበር። ልጅቷ ታብሌቷን ደረቷ ላይ አስደገፈች።

«ዘመኑን ይመጥናል» አለች።

ተፈረመ። ማኅተሙ ወረደ። አቶ ገብረሕይወት በምስክርነት እንዲፈርሙ ሲጠየቁ አሻፈረኝ አሉ፤ «ያልሆነ ነገር ላይ አልፈርምም፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ» አሉ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ «ሠዓሊ ገብረሕይወት» ተብሎ በትልቁ መጻፉን አዩ። «ሠዓሊ» የምትለዋን ቃል በጣታቸው አንዴ ዳበሷት፤ ብዕር ጠየቁና ፈረሙ።

«ጎመኑስ?» አለች እትዬ ሙሉ። «ማድ ቤት ጀርባ ያለውስ?»

«ጎመን አሁን ቅርስ ውስጥ ነው ያለው፤ ባይታይ ይመረጣል» አሉ አቶ ከበደ። ከዚያ በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አነሡና «ካስቸገርናችሁ ይቅርታ» ብለው ወጡ።

ሁሉም ሲሄዱ ተስፋሁን ክንዱን ከዓምዱ አነሣ። ደንዝዞ ነበር። በረንዳው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ወለሉ ከሥሩ አቃሰተ፤ እሱም አብሮ አቃሰተ። እትዬ ሙሉ መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች። ሁለቱም ሦስት እግር ያላትን ዶሮ ለረዥም ጊዜ ተመለከቷት።

«አሁን ቤታችን ነው?» አለችው።

«ቤታችን ነው።»

«ግቢውስ?»

«ግቢው የጋሽ ገብረሕይወት ነው።»

እትዬ ሙሉ ሳቀች። ያን ዕለት ነበር ከባሏ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲያ ስትስቅ የሰማት። ስታበቃ ተነሥታ ወደ ማድ ቤቱ ጀርባ ሄደች፤ ከበርሜሉ ስድስት ቅጠል ቀጥፋ ለእራት ቀቀለችው። የየትኛው ዘመን ጎመን እንደሆነ የጠየቃት የለም።

ታሪኩ ይኸው ነው። ሕሊናዬ እንዳይወቅሰኝ ግን አንዲት ነገር ከራሴ እንደጨመርኩ ልናዘዝ። ወፏ እውነት ናት፣ እግሯም ሦስት ነው። መጋረጃውም እውነት ነው፣ የተፈረመውም ወረቀት እውነት ነው። አቶ ከበደ በሩ ላይ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ ያልኩት ግን ውሸቴን ነው፤ ታሪኩ ትንሽ እንዲታመን ብዬ ነው።